ሁለት ቀንበጥና የአዩብ ፊርማ

እንዲሁ ነከረው አዩብ፣ ሳይቆርጥ፣ ደረቁን ጫፍ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ የጫቱን ቀንበጥ ብርጭቆው ውስጥ ሰክቶ እጁን አራገፈ፣ ዚነት ከኋላ አግዳሚው ላይ ሆና ታየዋለች፣ በቃ፣ ለሱ ነገር ሁሌ እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ጨርሶለት። ዛሬ ግን አልጨረሰችለትም። ረሳች እንዴ? አልረሳችም። ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ በአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ጨው የበዛበት ውሃ ሞልታ፣ ሁለቱን ቀንበጥ እንደጠወለጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ምላጩንም ከጎናቸው አድርጋ ወጣች፣ ምላጭ እዚያ ለምን እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩት የሚለውን ትምህርት አላስተማረም ማለት ነው።

ቤተ ሙከራው ይፋጃል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማራገቢያው መብራት ከሄደ ጀምሮ የቆመ፣ ሃምሳ ሁለት የአሥራ አንድ ለ ተማሪዎች በደብተራቸው ያራግባሉ፣ ፊት ለፊት ሦስት ገምጋሚዎች ተደርድረዋል፣ ሁለት ወንዶችና ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ መነጽራም ሴትዮ፣ የመጡት መምህር አዩብ የዓመቱ አርአያ መምህር ይባል አይባል ሊወስኑ ነው። አዩብ የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ነው፣ ዚነት በሱ ሥር ያለች መምህርት ናት፣ ዛሬ ግን ወረቀቱ ላይ የቤተ ሙከራ ረዳት ብሎ አስገብቷታል፣ ረዳት፣ ትምህርቱ የሷ፣ ማስታወሻው የሷ፣ ጨው እንኳ ከሷ ማድቤት የመጣ፣ ረዳት። ሆድ ይፍጀው።

የዕፅዋት ህዋስ የውስጡን ሚዛን እንዴት ይጠብቃል? ይላል አዩብ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘርግቶ። ድምፁ ያምራል፣ ይሄን መካድ ኃጢአት ነው፣ በዚያ ድምፅ የባቡር ሰዓት ቢያነብ ሰው ቆሞ ይሰማዋል፣ ቫኪዮል ማለት በህዋሱ መሀል ያለ የውሃ ከረጢት ነው፣ ሲሞላ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የህዋሱ ግድግዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ መገፋፋት ነው፣ ውሃው ሲወጣ ከረጢቱ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ብቻውን ይቀራል፣ ቅጠሉ አንገቱን ይደፋል። ከንፈሯ አብሮት ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ያለው ልጅ ዞር ብሎ አያት፣ አፏን ገጠመች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፣ ቫኪዮል ውሃ ብቻ አይይዝም፣ ህዋሱን የሚጎዳውን ቆሻሻና መርዝም እዚያው ይቆልፍበታል፣ ተክል እንደኛ ኩላሊት የለውም፣ መርዙን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው ለምልሞ የሚታየው። ይህችን አዩብ ዘለላት። ገጹን ገለጠና አለፋት። ከጻፈችለት ሁሉ እሷ የምትወዳት ይህችን ነበር።

ያዛጋል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳል ያስመስለዋል፣ ማንን ሊያታልል፣ ሐራራ ነው፣ የጫት አምሮት፣ ድሬ ተወልዶ ይሄን ማዛጋት የማያውቅ ማን አለ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ በዚህ ሰዓት አዩብ ጫማውን አውልቆ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ ጉንጩን ሞልቶ በርጫው ላይ ነው፣ ከምሳ በኋላ ባለው ፔሬድ እዚህ ክፍል የገባባቸውን ቀናት እሷ በአንድ እጇ ጣት ትቆጥራቸዋለች። ዛሬ ለገምጋሚዎቹ ብሎ ሳይቅም መጣ፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ጠመኔው ሁለቴ ከእጁ ወደቀ፣ ጫት ለጉንጩ ተከልክሎ ጫት በእጁ ይዞ ያስተምራል፣ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ስሙን በትዕግሥተኛው ነቢይ አዩብ አሉት፣ ሶብሩን ለኔ ሰጡኝ።

እናቷ መሪያም ብትኖር ይሄን ቀንበጥ አይታ ትጮህ ነበር። ቀፊራ ገበያ ጫት ሻጭ ነበረች፣ ከሰዓት ፀሐይ ያጠወለገውን አንድ አንድ እንጨት እያነሳች፣ ጫፉን ባልዲው ውስጥ አጥልቃ፣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ በምላጭ ሰያፍ ትቆርጠዋለች፣ እማ ለምን ውሃ ውስጥ? ውጭ ከቆረጥሽው ነፋስ ይጠጣል፣ ነፋስ የጠጣ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየር አረፋ የግንዱን ቀጫጭን የውሃ ቧንቧ እንደሚዘጋ ሲነግሯት፣ መሪያም መቼ ነው እዚህ የተማረችው ብላ ብቻዋን ሳቀች። ይሄን ትምህርት ያኔ ነው ያሰበችው፣ መጽሐፉ ድንች ቁረጡ ይላል፣ የድሬ ልጅ ግን የጠወለገ ጫት ውሃ ሲያገኝ ቀና እንደሚል ገና ሲድህ ያየዋል፣ የማያውቀው ለምን እንደሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ባለ ጫቷን የትናንት ሁለት እንጨት ስጪኝ ብትላት፣ አቦ ዚኑ፣ ፍየል ገዛሽ እንዴ? አለቻት፣ የጫት ትራፊ ገራባና የትናንት ጫት የሚፈልግ ፍየል ብቻ ነው። ገዛሁ፣ ክራባት የሚያስር ፍየል። አላለችም። ስቃ ከፈለቻትና መጣች፣ የምትለውን ሁሉ የምትለው እንዲህ በሆዷ ነው።

አንድም ባዶ የለም፣ ይላሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቀስታ ለጎናቸው ሰው፣ ግን ዚነት ትሰማለች፣ ሴትዮዋ የፔሬድ መቆጣጠሪያውን ይገልጣሉ። በየክፍሉ አንድ እንዲህ ያለ ደብተር አለ፣ የክፍሉ አለቃ ይይዘዋል፣ ያስተማረ መምህር ፔሬዱ ሲያልቅ በሳጥኑ ውስጥ ይፈርማል፣ ያልገባ ሰው ሳጥኑ ባዶ ይቀራል፣ ባዶው ከበዛ ደብዳቤ ይመጣል። ርዕሰ መምህሩ የድሮዎቹን ሁሉ ከመጋዘን አስወጥተው ጠረጴዛው ላይ ከምረዋቸዋል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ደብተር፣ አቧራቸው እንኳ በደንብ አልተራገፈም። በዚህ ከተማ አንድም ፔሬድ ያልቀረ መምህር አይቼ አላውቅም፣ ይላሉ ሴትዮዋ፣ እጅግ የሚደነቅ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዩብ ነው የጀመረው፣ ዚኑ፣ ሚስቴን ምጥ ይዟታል፣ ዛሬን ብቻ ግቢልኝ፣ ፈርሚልኝም፣ ባዶ ከሆነ ይጽፉብኛል፣ ወላሂ ዛሬን ብቻ። ምጥ ነው፣ ምጥ ለያዛት ሴት ማን እንቢ ይላል፣ ገባች፣ አስተማረች፣ አ-ን ጠምዘዝ አድርጋ ጅራቷን ወደ ቀኝ ጎትታ ፈረመችለት፣ አንድ ጊዜ አይታው አስመሰለችው። ልጅቷ በሰላም ተወለደች፣ አደገች፣ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ምጡ ግን በዚነት በኩል አላለቀም፣ ዛሬን ብቻ የነበረው ሐሙስን ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ከምሳ በኋላ ያለውን ብቻ፣ ከዚያ መጠየቁም ቀረ፣ ደወል ሲደወል እግሯ ራሱ ይሄዳል። ማንም አልነገራት፣ ማንም አልከለከላት፣ ድሬ ላይ ሰው ሰውን ይሸፍናል፣ የባልደረባን ባዶ ሳጥን ለአለቃ ማሳየት ነውር ነው፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ለልጆቹ ብዬ ነው ትላለች። እውነት ነው፣ ሃምሳ ልጅ ያለ አስተማሪ ሲጮህ መስማት አትችልም። ግን ሌላም እውነት አለ፣ የማትናገረው፣ ዚነት ባትኖር ይሄ ትምህርት ቤት አይቆምም መባሉ ይጥማት ነበር። አሁንም ሳይጥማት አይቀርም።

እና ማንን ትክሰስ? አዩብ ስንፍናውን አልደበቀም፣ ጠዋት ማታ በአደባባይ ነው የሚቅመው። የደበቀችው እሷ ናት፣ ሳጥን በሳጥን፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ባዶ ትታለት ቢሆን ደብዳቤ ይደርሰው ነበር፣ ያፍር ነበር፣ ምናልባትም ይገባ ነበር፣ ማን ያውቃል፣ አሁን ግን ያ የተከመረው ደብተር አርአያነቱን ይመሰክርለታል፣ በሷ እጅ ጽሕፈት። የሷንስ የሥራ ምዘና ማን ሞላው? እሱ። ከአምስት ሦስት። አስተያየት፣ ተነሳሽነት ይጎድላታል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ደወል ተደወለ፣ እግሯ ሄደ።

ሃያ ደቂቃ። ቀንበጡ አልተነሳም። ጨው ውሃ ውስጥ ያለው መውደቁ ያለ ነው፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው ግን እስካሁን ጫፉን ቀና ማድረግ ነበረበት፣ ተኝቷል፣ የብርጭቆው ጠርዝ ላይ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል፣ አንደኛው ገምጋሚ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አየው፣ አየውና የሆነ ነገር ጻፈ። አዩብ አየ መጻፉን። አሁን፣ በተማሪዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ፣ እሷን ያያታል። አሥራ አንድ ዓመት ያየበት አስተያየት ነው፣ ዚኑ የት ነሽ፣ ድረሺ፣ ተነሽና አድርጊው። ጉልበቷ ልነሳ ልነሳ ይላል፣ በእጇ ትይዘዋለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና ትይዘዋለች፣ አልነሳም፣ ዛሬ አልነሳም። ቅጠልም ፀሐይ ሲበረታበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ጠባቂ ህዋሶቹ ይላላሉ፣ በሩ ይገጥማል፣ የቀረችው ውሃ አትወጣም። ግን በር የዘጋ ቅጠል አየርም አያገኝም፣ ምግቡን አይሠራም፣ ይሄንንም እሷ ናት የምታስተምረው። ይዋረድ። ልጆቹስ? ልጆቹ ምን አጠፉ፣ ትምህርቱ በፊታቸው ሲከሽፍ ቁጭ ብላ የምታይ አስተማሪ ምን ዓይነት አስተማሪ ናት? ይዋረድ ብያለሁ። ደስ ይላታል፣ ደስታው ግን ሬት ሬት ይላል።

አንድ እጅ ወጣ። ኢዲል ናት፣ የክፍሉ አለቃ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችው፣ አዩብ እንዳላየ ሆነ፣ እጇን ግን አላወረደችም፣ ቲቸር፣ አለች ኢዲል ሳትፈቀድ፣ አልቆረጥከውም እኮ፣ ጫፉን ቆርጠኸው ነው የሚነሳው፣ ቲቸር ዚነት ሁሌ ውሃው ውስጥ ነው የምትቆርጠው። ሃምሳ ሁለት ደብተር ማራገቡን አቆመ። ሁሌ፣ አለች ልጅቷ፣ ሁሌ ብላ ተናገረች፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀና አሉ፣ ዚነት ወደ አግዳሚው ጠርዝ ተጠጋች፣ አሁን፣ አሁን ወጣ፣ ያለ እሷ እጅ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ።

ብራቮ! አለ አዩብ። በዚያ ድምፁ። ይሄን ነበር የምጠብቀው፣ ሆን ብዬ ነው ያልቆረጥኩት፣ ማን ያስተውላል ብዬ፣ ይኸው ቲቸር ዚነትም ከኔ ይዛ ደጋግማ አስጠንታችኋለች፣ ለኢዲል አጨብጭቡላት። አጨበጨቡ። ገምጋሚዎቹም። ዚነትም፣ ኧረ ጉድ፣ ዚነትም፣ እጆቿ ከጉልበቷ ላይ ተነስተው ያጨበጭባሉ፣ ሰው ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አታውቅበትም። ምላጩን አነሳና ቀንበጡን በአየር ላይ ቆረጠው። ውሃው ውስጥ ቲቸር፣ አለች ኢዲል፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ፣ እንደገና ውሃው ውስጥ ቆረጠው፣ የሴትዮዋ ብዕር ጻፈች፣ ምን እንደጻፈች ግን እንጃ፣ ምናልባት ተማሪን የማሳተፍ ዘዴ።

ደወል። ድርብ ፔሬድ ነው፣ አንዱ አለቀ፣ ኢዲል ደብተሩን ይዛ ወደ አዩብ ሄደች፣ እስክርቢቶ ሰጠችው፣ ፈረመ። ዚነት ለማየት ተነሳች፣ ብርጭቆ የምታነሳ መስላ ቀረበች። አ-ው ጠማማ ነው፣ ጅራቱ አጭር፣ እጁ በሐራራ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ባሉት አርባ ያማሩ ፊርማዎች ሥር የተቀመጠው የራሱ የአዩብ ፊርማ የተጭበረበረ መስሎ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሊሰናበቱ መጥተው ገጹን አዩት። ከላይ ወደ ታች አዩት። እንደገና አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዓይናቸው አንዴ ዚነት ላይ አረፈ፣ እስክርቢቶ የምትይዝበት ጣቷ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ላይ፣ ከዚያ ደብተሩን ዘጉት። በርቱ፣ አሉ፣ ለማን እንዳሉ አልታወቀም። እሳቸውም ቤታቸው የሚሸፍኑት አለ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ማን ብልህ ነው ይሄን የተረተው፣ ውስጥ ለውስጥ ነቅዞ ያለቀውን ሰው ከፍቶ አላየ።

ዚኑዬ፣ ይላታል በሩ ላይ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አለፍን አቦ፣ ተገላገልን፣ ሁለተኛዋን ያዢልኝ፣ እንግዶቹን ልሸኝ፣ በዚያው በርጫ ተዘጋጅቷል፣ ምነው ልትነግሪኝ አይገባም ነበር የመቁረጡን ነገር? እህቴ አይደለሽ? ዝምታዋን እሺ ብሎ ወሰደው፣ መቼም ዝምታዋ እሺ ሳይሆን ቀርቶ አያውቅም።

አልገባም፣ አለች ዚነት በሆዷ። ከኒሙ ዛፍ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከሜዳው ወዲያ ባጃጆች ይጮሃሉ፣ ከቤተ ሙከራው ደግሞ ልጆቹ፣ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የወንበር ጎተታ፣ ባዶ ይሁን፣ አንዲት ሳጥን፣ አንዲት ብቻ ባዶ ትሁን፣ አምስት ደቂቃ፣ ስምንት፣ የሆነ ነገር ተሰበረ፣ ብርጭቆ ይሆን? ጨው ውሃው ያለበት ይሁን ያ ረቢ፣ አሥር፣ ጫጫታው ይብሳል፣ ሃምሳ ሁለት ልጅ፣ ፈተና በሦስት ሳምንት፣ ኢዲል ወደዚህ ትሮጣለች።

ቲቸር፣ አለች ልጅቷ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ቆሟል። ነይ እይው፣ ቀንበጡ ቆሟል።

ገብታ አየችው፣ ቆሟል ወላሂ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው ቀጥ ብሏል፣ ጫፉ ላይ ያሉት ቀያይ ቅጠሎች ሳይቀሩ ተዘርግተዋል፣ ጨው ውስጥ ያለው እንደወደቀ ነው፣ የተሰበረው የመስኮት መስታወት ነው፣ ማን ሰበረው አልጠየቀችም። ልጆቹ ወደየቦታቸው ገቡ። ጠመኔውን ከወደቀበት አነሳች፣ አዩብ የዘለላትን ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ ተክል ኩላሊት የለውም፣ መርዙን ሆዱ ውስጥ ይቆልፋል። ሲሞላስ? አለች ኢዲል። እ? ሆዱ ሲሞላስ ቲቸር፣ የት ያደርገዋል? ያረጀ ቅጠል ውስጥ ያከማቸዋል፣ አለች ዚነት፣ ከዚያ ቅጠሉን ይጥለዋል፣ ይሄን ስንት ዓመት ተናግራዋለች፣ እንደ ዛሬ ግን ድምፁ ከማን አፍ እንደወጣ ዞር ብላ መፈለግ አምሯት አያውቅም። ጻፉት፣ አለች። ይጥለዋል። ሃምሳ ሁለት እስክርቢቶ ጻፈ።

ደወል። ኢዲል ደብተሩን ገልጣ አመጣች፣ ጣቷን ሳጥኑ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜው። የዚነት እጅ እንደ ሁልጊዜው አ-ን ሊጠመዝዝ ጀመረ፣ ቆመ፣ ነገ ምን ይሉኛል፣ አሳልፋ ሰጠች ይሉኛል፣ እሱን ብቻ ነው እንዴ፣ ራሴንም ነው፣ ተጭበርብሮ የተፈረመው ሁሉ በማን እጅ ሆነና፣ ጀምራ የተወችውን ሰረዘችና ከጎኑ ጻፈች፣ ዚነት፣ ሙሉውን፣ የሚነበብ አድርጋ።

ኢዲል ጎንበስ ብላ አነበበች። ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቆማ ዚነት ስትፈርም አይታለች፣ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም፣ ትምህርት ነው ብላ ይዛዋለች፣ እንደ ቫኪዮል፣ እንደ ግድግዳ፣ ቲቸር ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነው።

ቲቸር ተሳሳትሽ፣ አለች፣ አዝናላት፣ ቀስ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። እዚህ ጋ የሱን ነው የምትፈርሚው። እንደነዚህ።

ጣቷን ወደ ላይ፣ በተደረደሩት ባማሩት ፊርማዎች ላይ አስኬደች።

የተሳሳትኩት እነዚያ ላይ ነው፣ ትላታለች ዚነት።